አማቼን ላስፈታ ዝዋይ የወረድኩ ቀን

ከናዝሬት መነሻ

ሰው ዝዋይ የሚወርደው ወይ ዓሣ ሊበላ ነው፣ ወይ ሐይቅ ሊያይ። እኔ የወረድኩት አማቼን ከቀበሌ አዳራሽ ላወጣ ነው። የመንገዱን ነገር እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ አንዳንዱ ለኔ የማይመች ቢሆንም።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ፤ የማያውቀኝ ሰው ካለ ማለቴ ነው። ታደሰ እባላለሁ። የውሃ ፓምፕና የጄኔሬተር ጠጋኝ ነኝ። ያስተማረኝ የለም። በወጣትነቴ አንድ የጣሊያን ፓምፕ ፈትቼ መልሼ ስገጥመው ብሎኖች ተረፉኝ፤ ፓምፑ ግን ከድሮው በበለጠ ውሃ ሳበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሐንዲስ ነኝ፤ የቀረኝ ዲፕሎማው ብቻ ነው። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ፓምፕ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል። በዳማ ደግሞ በሰፈራችን የሚስተካከለኝ የለም፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል።

ልጄ አስቴር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሆዷ ገፍቷል። ዓሣ አማራት። ናዝሬት ውስጥ ዓሣ ጠፍቶ አይደለም፤ እሷን ያማራት የዝዋዩ ነው፣ ከሐይቁ ወጥቶ ያላደረው። ባሏ ደሳለኝ ዳቦ ጋጋሪ ነው። የወንጂ ልጅ ነው፤ አባቱ ከከምባታ መጥተው ዕድሜያቸውን ሸንኮራ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ዝምተኛ ነው፣ ጨዋ። እኔ ባለሁበት እግሩን ዘርግቶ አይቀመጥም፤ ሳልበላ አይበላም፤ «ጋሼ» ሳይል አፉን አይከፍትም። የእርጉዝ አምሮት አይናቅም ብሎ ሰኞ ዕለት ከዳቦ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ ዝዋይ ወረደ። መታወቂያው ግን ኪሱ ውስጥ አልነበረም።

መታወቂያው ብርቄ ቢራ ቤት ነው። ያን ጊዜ ባዶ ጠርሙስ ያልያዘ ሰው ቢራ አይሸጥለትም። ጠርሙስ የሌለው መታወቂያውን ያስይዝና ሳጥኑን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ባዶውን አሟልቶ ሲመልስ መታወቂያው ይመለስለታል። ደሳለኝ ለጎረቤት ክርስትና አንድ ሳጥን በመታወቂያው አወጣ። ጠርሙሱ ከየቤቱ ተለቅሞ ሳይሞላ ብርቄ ለለቅሶ ድሬዳዋ ሄደች፤ የቁም ሳጥኑንም ቁልፍ መቀነቷ ላይ አስራ ይዛው ሄደች። የከተማው ግማሽ መታወቂያ እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ቢባል አላጋነንኩም።

ደሳለኝ ሰኞ ሳይመለስ አደረ። ማክሰኞ ማታ ከመቂ ሽንኩርት የጫነ ሾፌር ከወርክሾፔ በር ላይ ፍሬን ያዘ።

«ጋሽ ታደሰ! አማችዎን ዝዋይ አፍሰውታል!»

«ምን አድርጎ?»

«ምንም። መታወቂያ የለህም ተብሎ። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። ነገ ከሰዓት መኪና ይመጣል አሉ፤ ማንነቱ ያልታወቀውን ሁሉ ወደ ማሠልጠኛ ይወስዳል።»

ማሠልጠኛ የሄደ ከዚያ ወደ ጦር ግንባር እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። አስቴር ቁጭ ባለችበት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ ዘነበች፣ «ጠዋት ቢሮ እስኪከፈት ጠብቅና ከመኮንን ደብዳቤ አጽፈህ ሂድ» አለችኝ። መኮንን የቀበሌያችን ጸሐፊ ነው፣ የልጅነት ጓደኛዬ።

«ቢሮ እስኪከፈት? መኪናው ሊቀድመኝ! ደግሞ ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በዚያ መስመር የኔ ፊት ራሱ ደብዳቤ ነው።»

«ፊትህ ማኅተም አለው?» አለች።

ጀርባዬን ሰጥቻት ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

ሞጆና ቆቃ

ከናዝሬት ሞጆ በአውቶቡስ ቅርብ ነው። ሞጆ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ሻሸመኔ የሚሄደውን ይጠብቃል። አንድ ብርጭቆ ሻይና አንድ ቦንቦሊኖ በስሙኒ በላሁ፤ ቦንቦሊኖው የትናንት ነው፣ ሻይው ደህና ነበር። ረቡዕ ስለሆነ የጾመኛው ቁርስ ይኸው ነው።

የሻሸመኔው አውቶቡስ መጣ። ወንበር ያዝኩ፤ ጎኔ አንዲት ወደ አለም ጤና የምትሄድ ሴት ሁለት ዶሮ ይዛ ተቀመጠች። ትናንት በቆመው የሞጆ ኬላ ላይ ወርደን ተሰለፍን። ወታደሩ መታወቂያዬን ገልብጦ ገልብጦ አየው።

«ሥራ?»

«መሐንዲስ።»

«እዚህ ላይ ‹ጠጋኝ› ነው የሚለው።»

«ጸሐፊው ቦታ አጥቶ ነው ያሳጠረው።»

ሳቀና መለሰልኝ። ተመልሰን እስክንሳፈር መላው አውቶቡስ የት እንደምሄድ፣ አማቼ ማን እንደሆነ፣ ልጄ ስንት ወሯ እንደሆነ፣ የቤት ቁጥራችንን ሳይቀር አወቀ። ምን ላድርግ፣ ሆዴ ውስጥ ጭንቀት ሲገባ አፌ ሥራ ይጀምራል። ባለ ዶሮዋ ሴት፣ «ወንድሜ፣ እመብርሃን ትከተልህ፤ ብቻ ትንሽ እረፍ» አለችኝ።

ከሞጆ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ግራ ቀኙ ግራር፣ መሬቱ ነጭ አቧራ፣ የከሰል ጆንያ በየመንገዱ ዳር ቆሟል። ቆቃ ድልድይ ላይ አውቶቡሱ ቀስ ሲል ልጆች ዓሣ በገመድ ሰክተው ወደ መስኮቱ ያነሳሉ። ደሳለኝ እዚህ ቢገዛ ኖሮ ማታውን ቤቱ ይገባ ነበር። እሱ ግን ዝዋይ ከተባለ ዝዋይ ነው፤ እንደዚያ ያለ ሰው ነው።

አለም ጤና ሳንደርስ አውቶቡሱ እንፋሎት ተፋና ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን ከፈተ፤ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ወረድኩ። ከሥር ገብቼ፣ ከላይ ወጥቼ አየሁት። ከኔ ሙያ በላይ ነው አልልም፤ ዕቃው ነው የሌለው። ሾፌሩ ሄዶ ጥላ ሥር ተኛ። እኔ አስፋልቱ መሐል ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ። ፀሐይዋ እየወጣች ነው፤ መኪናው ደግሞ ከሰዓት ይመጣል።

መቂ

ያነሳኝ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን አንድ ወፍራም ሰው ተቀምጧል፤ ሁሴን ይባላል፣ የመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ደላላ። ጉዳዬን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

«መቂ ላይ ባዶ ሳጥን አውርደን ዝዋይ ነው የምንወርደው። አደርስሃለሁ፣ ኢንሻላህ።»

መቂ ገበያዋ ገና ከሩቁ ይሸታል፤ ሽንኩርት፣ የደረቀ ጭቃ፣ ናፍጣ። የቲማቲም ሳጥን እንደ ግንብ ተደርድሯል። ደላሎቹ በአማርኛ ይጀምሩና በኦሮምኛ ይጨርሳሉ። ባዶው ሳጥን እስኪወርድ እኔ አንዴ ልቀመጥ፣ አንዴ ልነሳ፣ መሬት አልበቃ አለኝ። ሁሴን አየኝና ከሻይ ቤቱ የዳማ ሰሌዳ አመጣ። ቆርኪ ደረደርን፤ እሱ የቢራውን ወሰደ፣ እኔ የለስላሳውን።

«ተቀመጥ፣ ደምህ ይረጋል። ትችላለህ?»

«እችላለሁ ወይ? ከተወለድኩ ጀምሮ የበላኝ የለም!»

ሳጥኑ ወርዶ ሳያልቅ በላሁት። ሁለቴ። ተሸካሚዎቹ ጭነታቸውን ጥለው ከበቡን። ሁሴን ራሱን ነቅንቆ፣ «ወላሂ፣ አንድ ቀን የሚበላህ ይመጣል» አለ።

«ገና አልተወለደም» አልኩት።

ዝዋይ

ዝዋይ ስንገባ ፀሐይ አናት ላይ ነች። ሐይቁ ከቤቶቹ ጀርባ ብልጭ ይላል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰዋል። ለማየት ጊዜ አልነበረኝም። ሁሴን፣ «ብቻህን አትገባም» ብሎ አብሮኝ ወረደ።

የቀበሌው አዳራሽ የቆርቆሮ ነው። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል፤ ውስጡ መሬት ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሞልተውታል። ሁሴን ጥበቃውን ያውቀዋል፤ በኦሮምኛ «አካም ጅርታ» ተባብለው ተጨባበጡ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ «ይኼ ሰው በዳማ ሁለቴ በልቶኝ ነው የመጣው፤ ክፉ ሰው ነው፣ አስገባው» አለ።

ጥበቃው ሳቀ። እኔም ሳቁ እንዳያመልጠኝ፣ «እኔን የበላኝ የለም! እዚህ ውስጥ አማቼ አለ፣ እሱን ጠይቁ!» ብዬ ጮህኩ።

ከጨለማው ውስጥ የደሳለኝ ድምፅ መጣ። «እውነት ነው ጋሼ።»

ልብሱ አቧራ ለብሷል፣ ፂሙ አድጓል። ሊነሳልኝ ሲል ጥበቃው ተው ቁጭ በል አለው። እኔ ስቄ ልገባ አስቤ ነበር፤ ሳልስቅ ወደ ሊቀ መንበሩ አለፍኩ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገመዳ ይባላሉ። ቀጭን፣ ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ናቸው። ከአዳራሹ ጎን ባለች ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ፣ ማኅተምና እጀታው የሚዞር ስልክ አላቸው።

«እርስዎ ማነዎት?»

«ታደሰ ነኛ! የናዝሬቱ፣ የፓምፑ!»

«አላወቅሁዎትም።»

ይህን ቃል በዚያ መስመር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። መታወቂያዬን ሰጠኋቸው። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይኼ፣ እርስዎ ታደሰ መሆንዎን ይናገራል። ልጁ ደሳለኝ መሆኑን ግን አይናገርም።»

«እኔ እናገራለኋ!»

«ለእርስዎስ ማን ይናገርልዎታል?»

ሁሴን፣ «እኔ አለሁ» አለ። «ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅሁት፣ ግን በደንብ ነው ያወቅሁት።»

ጓድ ገመዳ ፈገግ ሊሉ ብለው ተዉት። እኔም ሌላ ብልሃት አመጣሁ። «እሺ፣ እዚሁ አዲስ መታወቂያ ይጻፉለት። ፎቶውን እኔ አስነሳዋለሁ።»

«ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው» አሉ። «የመጣ ሁሉ ስሙን ይናገራል፣ እሱ ይጽፋል። በኋላ አንድ ሰው በሦስት ስም ሦስት ወረቀት ይዞ ተገኘ። እኔ የሌላ ቀበሌ ሰው አልጽፍም። ልጁ እውነቱን ከሆነ ናዝሬት ተመዝግቧል። ተመዝግቦ ሳለ እኔ ለምን ሌላ መዝገብ እከፍታለሁ? ናዝሬት ትጠየቅ። አዎ ካለች አዎ ነው። አይ ካለች ደግሞ፣ ጓድ ታደሰ፣ ላዝንልዎት እችላለሁ እንጂ ምንም አላደርግልዎትም።»

የስልኩን እጀታ አዞሩ። ኦፕሬተሯ መስመር እስክታገኝ ጠበቅን። ከዚያ የመኮንን ድምፅ መጣ። የመኮንን ድምፅ ያለ ስልክም ዝዋይ ይደርሳል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማው።

«ደሳለኝ ሄራሞ የሚባል ሰው መዝገባችሁ ላይ አለ?» አሉ ጓድ ገመዳ።

«መጀመሪያ እርስዎ ማነዎት?»

«የዝዋይ ቀበሌ ሊቀ መንበር።»

«እኔ የምሰማው ድምፅ ነው። መዝገቤን ለድምፅ አላነብም። እንዲህ እናድርግ፤ ልጁን እዚያው ይጠይቁት፣ ያለውን ይንገሩኝ፣ እኔ ልክ ነው ወይም አይደለም እላለሁ። ከዚያ በላይ ከኔ አይጠብቁ።»

ጓድ ገመዳ ስልኩን በመዳፋቸው ከደን አድርገው፣ «ይኼስ ጸሐፊ ነው» አሉ። ደሳለኝን አስጠሩት። ገብቶ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«የቤት ቁጥሩን ይጠይቁት» አለ መኮንን።

ደሳለኝ አፉን ሳይከፍት እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ለመርዳት ብዬ ነው።

መኮንን ሰማኝ። «እዚያ የሚንጫጫው ማነው? ታደሰ ነው?»

«አማቼ ነው የሚል ታደሰ የሚባል ሰው አለ።»

«እንግዲያው የቤት ቁጥሩን ተዉት። የሚስቱንም ስም ተዉት፣ የአባቱንም ተዉት። ታደሰ ዝዋይ ከደረሰ ይህን ሁሉ መንገዱ ላይ ያለ ሰው በቃሉ ይዞታል።» እውነቱን ነው፤ ባለ ዶሮዋ ሴት እንኳ ብትጠየቅ ታልፍ ነበር። «ታደሰን ያስወጡልኝ። ታደሰ ሞቶ እንኳ ለማንም የማይናገረውን ነገር ነው የምጠይቀው።»

አስወጡኝ። ከመስኮቱ ሥር ከሁሴን ጋር ቆምኩ። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ሁሉም ይሰማል።

«ባለፈው እሑድ» አለ መኮንን፣ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ከታደሰ ጋር ዳማ ተጫውቷል። ከኔ በቀር ያየ የለም። ማን አሸነፈ? እሱን ይጠይቁት።»

በመስኮቱ አንገቴን አስገባሁ። ጓድ ገመዳ ጥያቄውን ደገሙለት። ደሳለኝ ቀና ሲል በመስኮቱ ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔን አየ፣ ጎኔ የቆመውን ሁሴንን አየ፣ በሩ ላይ የሚስቀውን ጥበቃ አየ። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ ናቸው ያሸነፉት።»

ጓድ ገመዳ ለስልኩ ደገሙት።

«አይደለም» አለ መኮንን። «እንደዚያ ካለ የኛ ሰው አይደለም።» መስመሩም ተቋረጠ።

እውነቱ ይኸው። እሑድ ዕለት ደሳለኝ በልቶኛል። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ እሱም አልተናገረም። እንዳይናገር ማንም አልነገረውም። አማቱን በሰው ፊት የሚያዋርድ ሰው ስላልሆነ ነው። አሁንም ማሠልጠኛ ሊጭኑት መኪና እየመጣ፣ አስቴር ሆዷን ይዛ እየጠበቀች፣ እሱ የሚጠብቀው የኔን የዳማ ስም ነው።

ገባሁ። ጥበቃው እጄን ቢይዘኝም ገባሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ልጁ ለኔ ብሎ ነው የዋሸው። ያሸነፈው እሱ ነው።»

ከኋላዬ የሁሴን ድምፅ መጣ። «ምን አልክ? ድገመው እስኪ፣ አልሰማሁም።»

«በልቶኛል! ሰማህ? ደጋግሞ በልቶኛል!»

ሁሴን ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም። ጓድ ገመዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያለው መልስ ሁለት ነው፤ ወይ እርስዎ ወይ እሱ። አንዱ ሲሳሳት ሌላውን ማንም ይለዋል። በዚህ አልለቅም።»

«እንደገና ይደውሉ። ሌላ ነገር ይጠይቀው።»

አዞሩ። ኦፕሬተሯ መስመር ተይዟል፣ ጠብቁ አለች። እኛም ጠበቅን። ውጭ የከባድ መኪና ድምፅ መጥቶ አዳራሹ በር ላይ ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም። የሞተር ድምፅ ሰምቼ ምን እንደሚያመው ያላወቅሁበት ጊዜ ያ ብቻ ነው።

ደሳለኝን ጥግ ወሰድኩት። «ለምን እንዲህ ትላለህ?»

«ሰው ፊት ነዋ ጋሼ።»

«ሰው ፊት! አስቴር ብቻዋን ስትወልድ የኔ ዳማ ያዋልዳታል?»

«አፌ እምቢ አለኝ።»

«አሁን የሚጠይቅህን ሁሉ እንዳለ ተናገር። እኔን እንደሌለሁ ቁጠረኝ።»

«አሉ እንጂ ጋሼ።»

ስልኩ ጮኸ። ጓድ ገመዳ ለመኮንን የሆነውን አጫወቱት። መኮንን ረጅም «እህ» ካለ በኋላ፣ «ታደሰ ራሱ ተሸንፌያለሁ አለ?» ብሎ ሁለቴ ጠየቀ። ከዚያ፣ «ታደሰ አፉን ይያዝ። ልጁን ይጠይቁልኝ፤ ታደሰ ሲሸነፍ ምን ሆነ?» አለ።

ደሳለኝ መሬት መሬት እያየ፣ «ሰሌዳው ተገለበጠ» አለ።

«በምን ተገለበጠ ይበሉት።»

«በነፋስ።»

ግንባሬን መታሁ። «ደሳለኝ!»

ላቡ ፈሰሰ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ፊት ነው። «ነፋሱ… ከጋሼ ጋቢ ነው የመጣው።»

ጥበቃው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሳቀ። ሁሴን መስኮቱ ላይ ተንጠለጠለ። ጓድ ገመዳ ብቻ አልሳቁም፤ ቃል በቃል ለስልኩ ያስተላልፋሉ፣ እንደ ቴሌግራም።

«ቆርኪዎቹስ?»

«ቦይ ውስጥ ገቡ። እኔ ለቀምኳቸው።»

«ታደሰስ ምን አለ?»

«‹ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው› አሉ።»

«ፀሐይ ነበረች?»

ደሳለኝ ከአምላኩ ጋር ሲማከር ይታያል። «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ… ጥላ ነው» አለ።

መኮንን ሲስቅ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። «ልክ ነው! ደሳለኝ ነው! እንዲህ አድርጎ የሚናገር ሌላ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ቤት አለው፣ ሥራ አለው፣ የኛ ነው። ይልቀቁልን።»

ጓድ ገመዳ ስልኩን አስቀመጡ። በወረቀት ቁራጭ ላይ ስሙን ጽፈው ማኅተም መቱበት። «ይኼ መታወቂያ አይደለም። ለዛሬ መንገድ ብቻ ነው፤ ነገ አይሠራም።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ጓድ ታደሰ፣ እንኳን ተሸነፉ።»

እኔ ግን አልሳቅሁም። የአዳራሹ ሰዎች በር ላይ ተጠጋግተው ሁሉን ሰምተዋል። «ጓድ፣ የኔንም ቀበሌ ይጠይቁልኝ!» «እኔ አሰላ ነኝ፣ ስልክ አለ!» «እኔንም የሚያውቅ አለ!» ጓድ ገመዳ የመኪናውን ኃላፊ ወጥተው አነጋገሩት፤ ተከራከሩ፣ ሰውዬው ሰዓቱን አየ፣ ትንሽ እጠብቃለሁ አለ። እሳቸውም ተመልሰው እጀታውን ማዞር ያዙ። የአንዱ ቀበሌ መለሰ፣ ልክ ነው አለ፣ ልጁ ወጣ። የአንዱ አላውቀውም አለ። የአንዱ አላነሳም። አንድ ኤርሳዶ የሚባል የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር፤ ቢሮው ቢደወል ቢደወል የሚያነሳ ጠፋ። ደሳለኝ በከምባትኛ አነጋገረው፣ የካምፑንና የአለቃውን ስም ተቀበለው።

«እሱን እስከ ነገ ማታ አቆየዋለሁ» አሉ ጓድ ገመዳ። «ከዚያ ወዲያ ከኔ እጅ ውጭ ነው።»

ስንወጣ መኪናው ላይ የተሳፈሩ ነበሩ። ከላይ ሆነው አዩን።

መመለሻ

ሁሴን ገንዘብ አልቀበልም አለ። «ለመቂ ሰው ሁሉ ልንገር ብቻ ፍቀድልኝ» አለ። ፈቀድኩ። ሳልፈቅድም ይናገራል።

ወደ አውቶቡሱ ስንሄድ ደሳለኝ ቆም አለ። «ጋሼ፣ ዓሣው።»

«አሁን ዓሣ ታስባለህ?»

«ለእሱ ነው እኮ የመጣሁት።»

ሐይቁ ዳር ወርደን ያን ሰዓት ከጀልባ የወረደ ገዛን፤ ሻጩ ጨው ነስንሶ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለልን። ጆንያው አለም ጤና ሳንደርስ መሽተት ጀመረ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፣ አንድ ሽማግሌ መስኮት ይከፈት አሉ። «ለነፍሰ ጡር ነው» ስል ሽማግሌው ራሳቸው ጆንያውን ከፀሐይ ወደ ጥላው በኩል ገፋ አደረጉልኝ። ሞጆ ኬላ ላይ ወታደሩ የጓድ ገመዳን ቁራጭ ወረቀት አንብቦ ደሳለኝን አሳለፈው። እኔም መታወቂያዬን አሳይቼ ዝም ብዬ አለፍኩ።

መንገዱን ሙሉ ደሳለኝ ሲያንገራግር ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ስምዎን አጠፋሁ» አለኝ።

«ስሜ ሰፊ ነው፣ ለዝዋይ ትንሽ ቢቆረጥለት አይጎድልም» አልኩት። እሱ ሳቀ። እግሩንም ከወንበሩ ሥር ትንሽ ዘረጋ፤ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ማታ ቤት ስንደርስ አስቴር በር ላይ ነበረች። እሱን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ ጆንያውን ከፈተች። እየበላች ታለቅስ ነበር። እኔ በማግስቱ ጠዋት ወንጂ ሄድኩ፤ ደሳለኝ ብርቄ እስክትመለስ ከቀበሌው እንዳይወጣ አዝዤዋለሁ። የኤርሳዶን አለቃ ሸንኮራ ማሳ ውስጥ አገኘሁት። ነገሩን ጨርሼ ሳልነግረው ባርኔጣውን አድርጎ መኪና ፍለጋ ሄደ። ማታውን ኤርሳዶን ይዞት መግባቱን ኋላ የደሳለኝ አባት መልእክት ላኩልኝ።

ከዚያ መንገድ የተማርኩት ነገር አለ። ሩቅ አገር ላይ ሰው ማነህ ሲባል፣ ራሱ ስለራሱ የሚያወራው አያድነውም። እኔ ስንቱን አወራሁ! ያዳነን ቤታችን የሚያውቀው፣ እኛ የደበቅነው ነገር ነው። የሚጠየቅለት ቤት የሌለው ሰው ደግሞ የሆነውን ቢሆን ማን ያውቅለታል? ያን መኪና ሳስበው አሁንም ልቤ ይከብዳል።

እሑድ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ሰው ተሰበሰበ። የዝዋዩን ታሪክ ከአፌ ሊሰሙ ነው። ደሳለኝ፣ «ጋሼ ሊቀ መንበሩን አናግረው አስፈቱኝ» ብሎ ሊያሳጥረው ሲል አስቆምኩትና ሁሉንም ተናገርኩ። ሽንፈቱን፣ ጋቢውን፣ ጥላውን።

ማንም አላመነኝም።

«ታደሰ ደግሞ! አማቹን ለማንቆለጳጰስ ራሱን ያዋርዳል!» አሉ። መኮንንን «እውነት ነው ወይ?» ቢሉት እኔን አየኝ፣ መዝገብ እንደሚያነብ ሰው ፊቱን አኮሳተረና፣ «ታደሰ ተሸንፎ አያውቅም» አለ።

ወደ ጆሮው ተጠግቼ፣ «አንተ ቀጣፊ!» አልኩት።

«ዝዋይ የተጠየቅኩት ስለ ልጁ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ይኼ ስለ አንተ ነው።»

እንግዲያው በዓይናቸው ይዩ ብዬ ቁጭ አልኩ። ደሳለኝ ቆርኪ ደረደረ፤ «እንዳትተወኝ፣ በደንብ ተጫወት» አልኩት። በደንብ ተጫወተ። በላኝ። ሁለተኛውንም በላኝ። በመንደሩ ሁሉ ፊት፣ በዚያው ጥላ ሥር።

ከኋላዬ አንዲት ጎረቤታችን ከንፈሯን መጠጠች። «ሆን ብሎ እኮ ነው የለቀቀለት» አለች። «ልጁ የደረሰበትን አይቶ አዝኖለት። እንዴት ያለ አማት ነው!»